የባለሥልጣን ውድቀትና የነጋዴ ፈቃድ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ከተደረደሩት ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ሰው፥ ከመደርደሪያው በላይ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ የተሰቀለ አንድ ወረቀት ማየቱ አይቀርም። ይኸውም የንግድ ሥራ ፈቃድ ነው። ባለሱቁ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ባለው ጊዜ ግብሩን ከፍሎ ያሳድሰዋል፤ ደንቡም በግልጽ በሚታይ ስፍራ እንዲሰቀል ያዝዛል። ወረቀቱ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነገር ተሸክሟል። በላዩ ላይ ፊርማውን ያኖረው ሹም ነገ ቢሻር፥ ወይም ቢታሰር፥ ፈቃዱ ከሹሙ ጋር አብሮ እንዳይወድቅ ዋስ የሚሆነው ሕግ ነው። ሕጉ የጠነከረ እንደ ሆነ ባለሱቁ ማን እንደ ተሾመና ማን እንደ ተሻረ ሳይጠይቅ ስኳሩን ይመዝናል፤ ሳሙናውን ይሸጣል። ሕጉ የላላ እንደ ሆነ ግን ከሸቀጡ ይልቅ የባለሥልጣኑን ፊት መመልከት ይጀምራል።

በቀድሞው ዘመን አንድን ጠቅላይ ግዛት በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚገዛው እንደራሴ ነበር፤ በዛሬው የፌዴራል ሥርዓት ደግሞ የክልል ፕሬዚዳንት ተብሎ ይጠራል። ስሙ ቢለወጥም ነጋዴው ከእርሱ የሚጠብቀው አልተለወጠም። መሬት የሚመራው፥ ጨረታ የሚያወጣው፥ ኬላ የሚያስከፍተው የእርሱ መሥሪያ ቤት ነውና ነጋዴው ፍርድ ሳይዛባ እንዲሠራለት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሹም በሙስና ሲከሰስ ጉዳዩ የፖለቲከኞች ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ነጋዴ ቢኖር ተሳስቷል። በኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው የአንድ ክልል ገዥ ሳይሆን ከዚያ በላይ የነበሩ ሰው፥ ማለት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የአቶ ታምራት ላይኔ ነገር ነው። የክልል ፕሬዚዳንት መከሰስ የመጣው ከእርሳቸው በኋላ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ከእርሳቸው መጀመር ይገባል።

አቶ ታምራት በልጅነታቸው የተጠሩበት ስም ጌታቸው ማሞ ነበር። ታምራት ላይኔ የትግል ስማቸው ነው፤ እርሱም ጸንቶ ቀረ። በአብዮቱ ዘመን ከኢሕአፓ ሠራዊት ጋር በረሃ ገብተው ነበር፤ በኋላ ግን ከዚያ ድርጅት ከተለዩት ጓዶች ጋር ሆነው በኅዳር 1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን፥ በአጭሩ ኢሕዴንን አቋቋሙ። ይህም ድርጅት ከሕዝባዊ ወያኔ ሓርነት ትግራይ ጋር ተባብሮ ኢሕአዴግን መሠረተ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ስሙን ለውጦ የአማራ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፥ ብአዴን ተባለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ አቶ መለስ ዜናዊ የሽግግሩ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አቶ ታምራት የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ያዙ። ከተራራ ወርዶ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት መግባት ማለት ይህ ነው።

የያዙት ጊዜ ለንግዱ ዓለም ተራ ጊዜ አልነበረም። በደርግ ዘመን የቡናውን ወጪ ንግድ አብዛኛውን ክፍል ጠቅልሎ የያዘው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሲሆን፥ የግል ላኪ ተገፍቶ ዳር ቆሞ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በሩ መከፈት ጀመረ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ይመነዘር የነበረው ቀርቶ በ5 ብር እንዲመነዘር ተወሰነ፤ በሚቀጥለውም ዓመተ ምሕረት ሳይገባ የውጭ ምንዛሪ በጨረታ መሸጥ ተጀመረ። ትናንት 100 ዶላር ያመጣ ላኪ 207 ብር ይቀበል ነበር፤ ማግሥቱን ግን 500 ብር ተቀበለ። በዚያ ላይ በ1986 ዓ.ም. ማለቂያ በብራዚል የቡና ተክል ላይ ብርቱ ውርጭ ወረደና የዓለም የቡና ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ከኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ የሚበልጠው ከቡና ይገኝ ስለ ነበር፥ ከአዲስ አበባና ከድሬ ዳዋ የቡና ጨረታ ማዕከላት ገዝቶ ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ የያዘ ሰው ዕድል በሯን ከፈተችለት።

እንዲህ ባለ ጊዜ የባለሥልጣን ቃል እንደ ገንዘብ መቆጠሩ አያስደንቅም። የደንቡ መጽሐፍ ገና በመጻፍ ላይ ነበር፤ ለማን ምን ያህል ቡና እንደሚለቀቅ፥ የትኛው ድርጅት ባንክ ብድር እንደሚያገኝ፥ የትኛው ዕቃ ከጉምሩክ በቶሎ እንደሚወጣ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከጋዜጣ ሳይሆን በስልክ ነበር። የድሮው ቁጥጥር ፈርሶ አዲሱ ደንብ ሳይጸና ያለው ክፍተት ለብርቱ ሠራተኛ ምቹ ቢሆንም፥ ለአማላጅ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ምቹ ነው። ወደ ባለሥልጣን ቢሮ የሚያስገባ ዘመድ ያለው ሰው ከሦስት ባለ ጥሩ ቡና አቅራቢዎች የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። ሰብሳቢው ከገበሬው፥ አቅራቢው ከሰብሳቢው፥ ላኪው ከጨረታው እየገዛ ጀንፈሉ ታጥቦና ተቀሽሮ እስከ ወደብ የሚደርስበት ረዥም ሰንሰለት፥ በመጨረሻው ቀለበት ላይ አንድ ፊርማ ሲጎድለው እንደሚቆም ሁሉም ያውቅ ነበር።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ፥ በነሐሴ 1987 ዓ.ም. አቶ መለስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ አቶ ታምራትም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በዚህ ወንበር የቆዩት ግን ከአንድ ዓመት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከድርጅታቸውም ከመንግሥት ሥልጣናቸውም በአንድ ሰሞን ተነሡ። ትናንት በሬዲዮ ስማቸው በማዕረግ ይጠራ የነበረ ሰው ዛሬ በተከሳሽነት ተጠሩ።

የቀረበባቸው ክስ ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀምና የሙስና ወንጀል ሲሆን፥ ከቡና ወጪ ንግድ ጋር የተያያዘ ነገርም ነበረበት። በአደባባይ ከሁሉ ይልቅ የተወራው ግን ወደ ስዊዘርላንድ ባንክ ገብቷል የተባለው 16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 100 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ጉዳዩ በመጀመሪያ ደረጃ የታየው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 ከፍተኛ ባለሥልጣናት በሥልጣናቸው ምክንያት ሲከሰሱ በዚያ ችሎት እንዲዳኙ ያዝዝ ነበርና። ክርክሩ ሦስት ዓመት አልፎት በ1992 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ በ18 ዓመት እሥራት እንዲቀጡ ፈረደ። አቶ ታምራት 12 ዓመት ያህል በወህኒ ቤት ቆይተው፥ በዚያም ሳሉ የወንጌላዊት ክርስትና እምነት ተቀብለው፥ በ2001 ዓ.ም. በአመክሮ ተፈቱ። በዚያው በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የቡና ግብይት ከድሮው የጨረታ ማዕከል ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ መዛወሩ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ እርሳቸው ሲታሰሩ የነበረው የቡና ገበያ ሲፈቱ አልነበረም።

ፍርዱ ትክክል ነበረ አልነበረም ብሎ መመርመር የሕግ ሊቃውንት ሥራ ነው። ነጋዴው ግን ሌላ ነገር ልብ ብሏል፤ እርሱም የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የመጣው የፖለቲካው ሽረት ነው፤ ክሱ ተከተለ። ከሽረቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አጠፉ ያለ ዐቃቤ ሕግ አልተሰማም። ከወደቁ በኋላ ግን መረጃው ሞልቶ ተገኘ። በመርካቶ መጋዘን የከፈተ አስተዋይ ነጋዴ ከዚህ ያገኘው ትምህርት «ጉቦ አትስጥ» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። የሚያሳዝነው ብዙዎች «ሊወድቅ ነው ወደሚባል ሰው አትጠጋ» የሚለውን መያዛቸው ነው። ሁለቱ ትምህርቶች እጅግ የተራራቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሐቀኛ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ወሬ አዳማጭ ያደርጋል።

ይህ ጥርጣሬ በ1993 ዓ.ም. ይበልጥ ሥር ሰደደ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለሁለት ተከፈለ። በተሸነፈው ወገን ከነበሩት አንዱ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ናቸው። በግንቦት ወር የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ፤ ሳይውል ሳያድርም አቶ ስዬ ከወንድሞቻቸው ጋር በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ ትእዛዝ ሰጡ። አቶ ስዬ ከችሎቱ ወጥተው ብዙም ሳይራመዱ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በቀናት ውስጥም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ አዋጁም በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት እንዳይኖረው አደረገ። ዳኛው በሰጠው ትእዛዝና ትእዛዙን በሻረው አዋጅ መካከል የነበረው ጊዜ ከአንድ ሳምንት ገበያ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ያህል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የክልል ገዥው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አባተ ኪሾ ከሥልጣን ተነሥተው ታሰሩ፤ በሙስናም ተከሰሱ። እርሳቸው ያስተዳድሩት የነበረው ክልል የሲዳማንና የይርጋ ጨፌን ቡና የሚያፈልቅ፥ ዋና ከተማውም ሐዋሳ የሆነ ሀብታም አገር ነበር። ምክትላቸው የነበሩት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ወንበሩን ወረሱ፤ ከ11 ዓመት በኋላም የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ክልሉ ራሱ ዛሬ የለም፤ መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ተለየ፥ ቀጥሎ ደቡብ ምዕራብ፥ በመጨረሻም የቀረው በ2015 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ አዲስ ስም ወጣለት። በዚያ ክልል መሬት ተመርቶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያቆመ ነጋዴ፥ ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም የማይታወቅ አስተዳደር ማኅተም ሆኖበታል። መብቱ ጸንቶ የቆየው በሕግ ስለ ተጻፈ እንጂ ፕሬዚዳንቱን ስለሚያውቅ አይደለም።

አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ታስረው በ1999 ዓ.ም. ወጡ፤ ስለ ደረሰባቸውም «ነፃነትና ዳኝነት በኢትዮጵያ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ወይዘሪት ብርቱካን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። የዋስትናው ክልከላም ቢሆን እንደ ነበረ አልቀረም፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላውን አሳጥሮ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ለተከሰሱት ብቻ አደረገው።

ይህ በሽታ የኢትዮጵያ ብቻ ነው የሚል ካለ፥ ወደ ናይጄሪያ ይመልከት። በዚያ ሀገር ሥልጣን በክልል ደረጃ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ የዴልታ ክልል ገዥ የነበሩት የጄምስ ኢቦሪ ታሪክ ይመሰክራል። ዴልታ ነዳጅ ዘይት ይወጣባታል፤ የናይጄሪያም ሕገ መንግሥት ከነዳጅ ገቢ ቢያንስ 13 በመቶው ለሚወጣበት ክልል እንዲመለስ ያዝዛል። ኢቦሪ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ክልሉን ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በለንደን የቤት መሥሪያ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሲሠሩ በስርቆት ተፈርዶባቸው እንደ ነበረ የታወቀው ቆይቶ ነው። ከገዥነት ወንበር በወረዱበት ዓመት ማለቂያ የናይጄሪያ የኢኮኖሚ ወንጀል መርማሪ ኮሚሽን አሰራቸው። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ኑሁ ሪባዱ 15 ሚሊዮን ዶላር በጥሬ ገንዘብ ጉቦ እንደ ቀረበላቸውና ገንዘቡን በማስረጃነት በማዕከላዊ ባንክ እንዳስቀመጡ ተናግረዋል። ሆኖም እርሳቸው ራሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 የዴልታ ዋና ከተማ በሆነችው በአሳባ የተቀመጠው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት 170ውንም ክስ ውድቅ አደረገው።

የእንግሊዝ ፖሊስ ግን ገንዘቡን እየተከተለ ነበር፤ ገንዘቡ በለንደን ቤት ሆኖ ተገኝቷልና። ኢቦሪ ወደ ዱባይ ሸሹ፤ በዚያ ተይዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ለእንግሊዝ ተሰጡ። በሚከተለው ዓመት በለንደኑ የሳውዝዋርክ ፍርድ ቤት 10 ክሶችን አምነው 13 ዓመት ተፈረደባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ማለቂያ ከእሥር ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዝ መንግሥት ከዚሁ ጉዳይ ያገኘውን 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለናይጄሪያ ለመመለስ ተስማማ። በ2023 ደግሞ ፍርድ ቤቱ 101.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲወረስባቸው አዘዘ። በአሳባ 170 ክስ ነጻ የወጣ ሰው በለንደን ራሱ አምኖ ታሰረ።

የኢትዮጵያውና የናይጄሪያው ታሪክ ላይ ላዩን ሲያዩት ተቃራኒ ይመስላል። በአዲስ አበባ የወደቀው ተፈረደበት፤ በአሳባ ያልወደቀው ነጻ ወጣ። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ሁለቱም የሚነግሩት አንድ ነገር ነው። በሁለቱም ስፍራ ክሱ እንዲቀርብ ወይም እንዳይቀርብ ያደረገው የተከሳሹ ወዳጆች ብርታት እንጂ የመዝገቡ ክብደት ብቻ አልነበረም። ነጋዴ የሚያዋጣውና የማያዋጣው ሒሳብ ሠርቶ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ነው። ዳኛው እንዲህ በነፋስ በሚወዛወዝበት ስፍራ የአምስት ዓመት ዕቅድ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ገንዘቡን በቶሎ ገዝቶ በቶሎ ወደሚሸጠው ሸቀጥ ያዞራል፤ ፋብሪካ ሊያቆም ያሰበውም ሐሳቡን ይተወዋል። ሙስና ሀገርን ይጎዳል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የተሰረቀውን ገንዘብ ነው፤ ሳይተከል የቀረው ፋብሪካ ግን በማንም ክስ ውስጥ አይቆጠርም።

ሕጉ በወረቀት ላይ ብዙ ርቀት ሄዷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚዎች፥ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ አዘዘ። በ2008 ዓ.ም. ሙስናን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ከኮሚሽኑ ተነሥቶ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ፤ ይህም መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. በፍትሕ ሚኒስቴር ተተካ። ለንግድ ምክር ቤት አባላት ግን ከሁሉ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ነው። ብዙ ነጋዴ ሙስና የባለሥልጣን ወንጀል ብቻ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን ጉቦ ተቀባዩንም ሰጪውንም ይቀጣል። «ተገድጄ ነው» የሚለው ቃል በገበያ ውስጥ ቢሰማም በችሎት ፊት ብቻውን አያድንም። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ፥ በወንጀሉ ተካፋይ የነበረ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ጠቃሚ መረጃ ከሰጠ ከክስ ነጻ ሊደረግ የሚችልበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። ብዙ ነጋዴ ይህን በር ሳያውቀው ኖሯል።

አዋጅ ቁጥር 881 ከዚህ በፊት ያልነበረ ሌላ ነገርም አመጣ። «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚለውን ስም አስገብቶ፥ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር የግል ድርጅትን፥ አግባብ ያላቸውን ኩባንያዎች ጭምር፥ በሙስና ሕግ ሥር አዋለ። የሃይማኖት ድርጅትንና እድርን ከዚህ አስቀረ። እንግዲህ በ18 ማዞሪያ በአንድ ሰው ስም የተከፈተው ሱቅ በዚህ አንቀጽ አይነካም፤ ባለሱቁም የሰፈሩን እድር ገንዘብ ቢይዝ በዚህ አዋጅ ሕዝባዊ ድርጅት አስተዳደረ አይባልም። ነገር ግን እርሱና ጎረቤቶቹ ገንዘባቸውን አዋጥተው፥ ከሕዝብም አክሲዮን ሸጠው የገበያ ማዕከል ለመሥራት ማኅበር ቢያቋቁሙ፥ ሲሚንቶ ለመግዛት ጨረታ የሚከፍተው ሥራ አስኪያጅ ከአቅራቢው እጅ መንሻ የተቀበለ ቀን፥ የሚጠየቀው ሚኒስትር በሚጠየቅበት በዚያው አዋጅ ነው።